ሰሚው ሞልቶ ደቀ መዝሙር ጠፋ

አንድ ሰሞን በእኛ በየጁቤ የሦስት ቀን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ በየአቅጣጫው ተሰቀለ፣ ሰባኪና ዘማሪ ከሩቅ ተጠራ፤ ከባሶ ሊበን ገጠር ሁሉ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ግር ብሎ መጣ። ደስ ይል ነበር፤ እኔም አንድ ቀን አልቀረሁም። ጉባኤው በተበተነ በሳምንቱ፣ ሦስቱንም ቀን ከፊት ቆሞ ሲያለቅስ ያየሁትን የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ጎረምሳ አገኘሁና ምን ያዝክ አልኩት። «ጋሼ፣ ትምህርቱማ ልዩ ነበር» አለኝ። ምኑ? አሰበ፣ አሰበና የሰባኪውን ስም ነገረኝ። ከዚያ ሌሎች አራት ሰባኪዎችን እያመጣ ማን ድምፁ እንደሚያስገመግም፣ ማን እንደሚያስለቅስ፣ የማን ስብከት በዩቲዩብ ብዙ ሰው እንዳየው አስረዳኝ። የነፍስ አባትህስ ማን ናቸው ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴ ጋ ነው የሚመጡት፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም» አለ።

በልጁ አልፈርድም። የተሰጠውን ተቀበለ። የምሟገተው እርሱን እንዲህ አድርጎ ካሳደገው ሐሳብ ጋር ነው። ሐሳቡ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባም፣ በከተማው ምእመን ጨዋታም እንደ እውነት ይነገራል፦ ሕዝቡ ቃሉን ከሰማ ተምሯል፤ ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ዓመት መቁጠር ቄስ ወይም መሪጌታ ለሚሆን ልጅ እንጂ ለገበሬና ለነጋዴ አይሆንም፤ ለዚያም ልጅ ቢሆን የቆሎ ተማሪነት ዘመኑ አልፏል፤ አሁን መጻሕፍቱ ታትመዋል፣ ኮሌጅ ተከፍቷል፣ ስብከቱም በየሰው ኪስ ገብቷል። ይህን የሚሉት የቤተ ክርስቲያን ጠላቶች ቢሆኑ ኖሮ ብዙ ባላሳሰበኝ። የሚሉት ግን ዐሥራት የሚያወጡ፣ ለጉባኤ ድንኳን የሚሸከሙ፣ ለበዓል ደጀ ሰላሙን የሚያጸዱ ሰዎች ናቸው። ዝም ማለት ያቃተኝም ስለዚህ ነው። ሐሳቡ ስሕተት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ከውስጥ የሚያራቁት ስሕተት።

ወንጌሉን ገልጦ ማየት ይበቃል። አምስቱን እንጀራ በልቶ የጠገበው ወንዱ ብቻ 5,000 ያህል ነበር። በማግሥቱም ባሕር ተሻግሮ ጌታን ፈልጎ መጣ። ስለ ሥጋውና ስለ ደሙ ሲነገረው ግን ነገሩ ከበደውና ብዙው ተመልሶ ሄደ። በዚያች ሰዓት አብረውት የቀሩት አብረውት የሚያድሩት፣ መንገድ የሚደክሙት፣ ሲሳሳቱ የሚገሥጻቸው ዐሥራ ሁለቱ ናቸው። ማርቆስ የእነርሱን መመረጥ ሲጽፍ እንኳ ለስብከት ከመላካቸው አስቀድሞ የሚያነሣው ከእርሱ ጋር መኖራቸውን ነው። በብሉይም ሦስት ነገሥታት በምድረ በዳ ውኃ ጠፍቶባቸው ሲጨነቁ ኤልሳዕ የተጠቆመላቸው በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረው ሰው ተብሎ ነው። ስንት ትንቢት እንደሰማ አልተነገረለትም፤ የማንን እጅ ያስታጥብ እንደነበረ ተነገረለት። ቃሉን ራሱን ብናየው «ደቀ መዝሙር» ሲል ግእዙ ተማሪውን ልጅ ማለቱ ነው። ልጅ ደግሞ የሚያውቀው አባት፣ የሚገባበት ቤት አለው።

እኔ የጁቤ ተወልጄ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስ ብዬ፣ ዳዊት ደግሜ አስኳላ የገባሁ ሰው ነኝ። ዜማ ቤት አልገባሁም፤ ቅኔም አልቆጠርኩም። ንባብ ያስተማሩን የኔታ ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር መጽሐፍ አይዙም። እኛ በየተራ ስናነብ እርሳቸው በጆሯቸው ብቻ ይከተሉናል። የግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ አለው፤ ተነሹን ከጣልከው ወይም ወዳቂውን ካነሣኸው ከየኔታ አፍ የምትወጣው ቃል አንዲት ናት፦ «ተመለስ!» ምክንያቱን አይነግሩህም። ጣትህን ወደ ላይ መልሰህ ከራሱ ትጀምራለህ፤ የት እንደሳትክ ራስህ ታገኘዋለህ።

አንድ ታኅሣሥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንዲት ባልቴት ማሳ ገብተን ሽምብራ እሸት በላን። የበላነው ሳያንስ የቀረውን ረጋግጠነው ወጣን። በማግሥቱ ጧት ተራዬ ደርሶ ማንበብ ስጀምር የኔታ «ተመለስ» አሉኝ። ተመለስኩ። ሁለት መስመር ሳልሄድ አሁንም «ተመለስ»። በአራተኛው ድፍረት አገኘሁና «የኔታ፣ አልተሳሳትኩም'ኮ» አልኩ። «ንባቡንስ አልተሳሳትክም» አሉ፤ «ከየት እንደምትመለስ ግን አንተ ታውቀዋለህ።» ልጁ ሁሉ ጸጥ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ ማታውን መጥተው ነግረዋቸው ኖሯል። ያን ዕለት ከእናቴ ጋር ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ «ይቅር ለእግዜር፣ ልጄ» ብለው አነሡኝ። ሦስት ቀን ከንባብ መልስ የተረፈ ሽምብራቸውን ከከብት ጠበቅሁ። በአራተኛው ቀን የኔታ ንባቤን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አስኬዱኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ጥቂቱም አስለቅሶኛል። ሌብነት ኃጢአት ነው የሚል ስብከት ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላስታውስም። «ተመለስ» ያለኝ ግን ያ አንድ ሰው ነው። ሊለኝ የቻለውም የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ትናንት የት እንደዋልኩ፣ ማንን እንደበደልኩ ስለሚያውቅ ነው። ክርክሬ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ደቀ መዝሙር ማለት ተመለስ የሚለው ሰው ያለው ነው። በስልኬ የሚመጣው ሰባኪ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ የማን ማሳ እንደገባሁ አያውቅም። ደስ ካላለኝ በጣቴ ገፋ አድርጌ ወደ ሌላው አልፋለሁ፤ እርሱም ማለፌን አይሰማም።

ቅዱስ ያሬድን ሁላችን እንተርካለን። ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን እንደገረፈው፣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሏ እየወደቀች ስትወጣ እንዳየ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በየትምህርት ቤቱ ትሏ ትወደሳለች፣ ትዕግሥት ይሰበካል፤ ከትሏ በኋላ የሆነውን ግን እናልፈዋለን። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ የሄደው ወደ መምህሩ ነው። ይቅርታ ጠየቀ፣ እንዲያስተምረውም ለመነ። ከትሏ የተማረውን ይዞ ብቻውን ሊቅ አልሆነም፤ ድጓው የመጣው ከተመለሰ በኋላ ነው።

አገራችን ራሷ በጉባኤ ድንኳን ክርስቲያን አልሆነችም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተቀምጠው ልጆች አሳደጉ፤ ከልጆቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸውም በሐይቅ ዓመታት አገልግለው፣ ደብረ ዳሞ ሄደው ደግመው ተማሪ ሆነው ነው ሸዋ ላይ የራሳቸውን ልጆች ያፈሩት። አንዱ ሌላውን እየወለደ ገዳም ከገዳም ተያያዘ። ወደ እኛ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ስንመጣም ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ ስማቸው አገር ያዳረሰው በሕንፃቸው ግዝፈት ሳይሆን ተማሪ ከየአገሩ ተጉዞ ስለሚመጣባቸው ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስም የሆኑት በተማሪ ነው።

«ያ ትምህርት ሽምደዳ ነው፤ ልጁ ሳይገባው ይሸመድዳል» የሚለውን ወቀሳ ስሰማ ወቃሹ ቅኔ ቤት አንድ ቀን ውሎ እንደማያውቅ እረዳለሁ። ንባብ ቤት ብዙ ሽምደዳ አለ፤ አልክድም። ቅኔ ቤት ግን ትናንት የተነገረን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ተማሪው ጧት ግስና አገባብ አስኪዶ፣ ቀን በየጥሻው ተበትኖ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ሲያሰላስል ይውላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ በእነዚያ በሁለቱ ሰምና ወርቁ ካልገጠመ ቀኑ ባከነ። መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ እስከዚያ ለመድረስ ስንት ወር ይሄዳል። ማታ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታ ዝም ብለው ይሰሙና አንዲት ቃል ያነሣሉ፣ ሌላ ይተካሉ፤ ወይም «ይኸ ያንተ አይደለም» ይሉታል። ልጁ ከማን እንደሰረቀው የሚያውቁት የእያንዳንዱን ተማሪ አሳብ መሄጃ ስለሚያውቁት ነው። በ40 ልጅ መካከል የማን ቅኔ የማን እንደሆነ በጠረኑ የሚለይ መምህር ስንት ዩኒቨርሲቲ አለው?

ከዚህ ቤት የወጡትን እንይ። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ የቅኔ ልጅ ናቸው። የቆሎ ተማሪን ኑሮ ኋላ ቀር ነው የሚሉ የተማሩ ወገኖቻችን ምስክር አድርገው የሚያነሡትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት እርሳቸው ናቸው። የድሮውን ሥርዓት ያን ያህል ጠልቆ ለመተቸት የሚበቃ ዐይንና ቋንቋ የሰጣቸውም ያው የጎጃም ጉባኤ ቤት ነው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ደግሞ እናስብ። በልጅነታቸው የዐይናቸውን ብርሃን አጡ፤ ከአባታቸው እግር ሥር ቅኔ ተማሩ፤ በኋላም ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ዐይነ ስውር ሴት በዚያ ዘመን በጎጃም ምድር የወንድ መምህር የሆነችው በመጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ስለተቀበለች ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚወቅስ ነገርም አለ፦ ገላነሽን የመሰሉ ሴቶች ጥቂት የሆኑት ሴት ልጅ ቅኔ ስለማይገባት ሳይሆን በሩን ስላልከፈትንላት ነው። ደቀ መዝሙርነትን የምንመልስ ከሆነ ይህን በደል ይዘን መመለስ የለብንም።

እስካሁን ስለ ጉባኤ ቤት ተናገርኩ። ለገበሬውና ለነጋዴው ምን አገባው የሚል ይኖራል። የእኛ አገር ሰው ደቀ መዝሙርነትን በሌላው ኑሮው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ እርሻ የሚማረው አባቱን ተከትሎ ነው። መጀመሪያ ከኋላ ይከተላል፤ ከዚያ አባትየው ቆም ብሎ እርፉን ያስጨብጠዋል፤ ትልሙ ሲጠምበት እጁን በልጁ እጅ ላይ ጭኖ ያቃናለታል። ከዐባይ ማዶ ሸቀጥ ይጎርፍበት በነበረው በጥንቱ የባሶ ገበያ ንግድን በንግግር የተማረ ነጋዴ አልነበረም። ይህንኑ ሕዝብ ነው ለነፍሱ ጊዜ መስማት ይበቃሃል የምንለው።

አባቶቻችን እንዲህ አላሉትም። ለእያንዳንዱ ቤት የነፍስ አባት ሰጡት። የነፍስ አባት እኔ ልጅ ሳለሁ ቤት የሚገባ ሰው ነበር። ጠበል ይረጫል፣ የታመመ ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሽማግሌው በፊት እርሱ ይሰማል። አባቴ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተካስሶ ፍርድ ቤት በሄደ ጊዜ የነፍስ አባታችን ቤታችን መጥተው እህል ሳይቀምሱ እንደወጡ አስታውሳለሁ። እናቴ እንጀራውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ፤ በነጋታው ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። የወረዳው ዳኛ ያልቻለውን አንድ ያልተበላ እንጀራ ቻለ። ዛሬ ያ አገልግሎት ወዴት ሄደ? የነፍስ አባት ማለት ለብዙው ሰው ሲሞት የሚፈታው ካህን ሆኗል። አንዱ ካህን ስንት መቶ ልጅ ይዞ፣ በዓመት አንዴ በፍልሰታ ሰሞን ያያቸዋል፤ የማያያቸውም አሉ። ምእመኑም አይከፋውም፤ ማን ቤቴ ገብቶ ያየኛል የሚል ሰው እንዲያውም ይመቸዋል። የተመቸን ነገር ግን እየገደለን ነው።

ጽዋ ማኅበሩም እንዲሁ። በወር አንድ ጊዜ በጻድቁ ወይም በእመቤታችን ቀን ዳቦና ጠላ ተዘጋጅቶ፣ ካህኑ ባርኮ፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ጽዋውን ሲያዞር የተጣሉ ሁለት ሰዎች ካሉ ጽዋው ይቆማል። ታረቁ ይባላሉ። ካልታረቁ አይጠጣም። ዐሥራ ሁለት ወይም ሃያ ሰው የአንዱ ኑሮ የሌላው ጉዳይ የሚሆንበት፣ ሴትም ወንድም የሚቀመጥበት፣ ፊደል የማይቆጥር ሰው ተአምሩን ሰምቶ የሚያድግበት ቤት ነበር። አሁን ብዙው ማኅበር ግብዣ ሆኖ ቀርቷል። ማን ጥሩ አስጠመቀ፣ ማን በሬ አረደ ይባላል፤ ጽዋው በተጣሉት ላይ አልፎ ይሄዳል።

በተቃራኒው ወገን ጠንካራው ነገር የረኃቡ ነገር ነው፤ በጎን አልፌው ልሄድ አልፈልግም። የቆሎ ተማሪ ይራባል። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ውሻ ነክሶት፣ ብርድና እከክ በልቶት፣ ተስቦ ገብቶ ከጎጆው ያልወጣ ልጅ ብዙ ነው። ዱላውም አለ፤ ዕውቀትን በአርጩሜ ያስገቡ መምህራን ነበሩ፣ አሉም። እናት ልጄን ለዚህ አልሰጥም ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔም አልፈርድባትም። ልጁ ጧት የመንግሥት ትምህርት ቤት ውሎ ከሰዓት ከየኔታ ቢቀመጥ ቅኔው አይረክስም። አርጩሜው ለዘላለም ይቅር።

ግን ረኃቡ ከደቀ መዝሙርነት የመጣ ነው ወይስ ከእኛ? ልመናው ሲጀመር መንደሩ ተማሪውን የሚያሳድግበት መንገድ ነበር። ቁራሽ የሰጠች ሴት በልጁ ዳዊት ድርሻ አላት። መምህሩም የሚተዳደርበት የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ብዙ ጢሰኛ ነጻ የወጣበትን ያን አዋጅ አልራገምም። ከዚያ ወዲህ ግን መምህሩን የሚያኖረው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰበካ ጥቂት ነው። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ አካላት ለአብነት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ይህ ግን ከሩቅ የሚመጣ ርዳታ ነው። የአጥቢያው ሰው የራሱን ተማሪ ረስቶ ተማሪው ተራበ ብሎ ትምህርቱን ሲወቅስ ልጁን ያስራበ አባት ልጅ መውለድን እንደሚወቅስ ነው።

አንድ አጥቢያ አውቃለሁ፤ ስሙን ማንሣት አልሻም። ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ተጣለ። በየበዓሉ በድምፅ ማጉያ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ብረት ይለመናል። ሕዝቡም ይሰጣል፤ ስለቱን ያመጣል፣ በግ ያመጣል፣ የአዲስ አበባና የውጭ አገር ልጆቹ ገንዘብ ይልካሉ። ከዚያው ግቢ ጀርባ የመምህሩ ጉባኤ ቤት አለ፤ የሣር ክዳኑ ፈርሶ ክረምት ዝናቡ ይወርድበታል። በአንድ ስብሰባ ላይ ከሕንፃው ገንዘብ ጥቂት ወደዚያ ቢዞር ብዬ ጠየቅሁ። «እርሱ በኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ቤቱ ይሠራ» ተባልኩ። ሕንፃው በእርግጥ አንድ ቀን ያልቃል። ያን ቀን ማን ይቀድስበታል? ሌሊት ማኅሌት የሚቆመውስ ማን ነው? ከሌላ አጥቢያ ካህን ልንለምን ነው? ያም አጥቢያ ቆርቆሮውን ሲቆጥር ከርሞ ተማሪ የሌለው ሆኖ ቢገኝስ?

ቤት ያለ ደቀ መዝሙር ምን እንደሚሆን፣ ደቀ መዝሙርም ያለ ቤት ምን እንደሚሆን በዚችው አገር በዘመናችን ታይቷል። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሃይማኖት የምንለያይበት ብዙ ነው። የሆነባቸውን ግን መመስከር ተገቢ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ዘጋ፤ ሕንፃውን ወረሰ፤ መሪዎቹን አሰረ። ያን ጊዜ አባሎቻቸው 5,000 ገደማ ነበሩ። ድንኳን የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ አዳራሽ የለ። አምስትም ስድስትም እየሆኑ በየሰው ቤት በምሥጢር ተሰበሰቡ፤ የቆየው አዲሱን እያስተማረ፣ አንዱ የሌላውን ኑሮ እያወቀ፣ ሴቶቹ ብዙውን ሸክም ተሸክመው ዐሥር ዓመት ኖሩ። ደርግ ወድቆ ወደ አደባባይ ሲወጡ ቁጥራቸው 34,000 ያህል ደርሶ ነበር። ስብከት ለብዙ ሕዝብ ካልተሰማ ቤተ ክርስቲያን ትሞታለች ለሚለው ሰው ይህ መልስ የሚያሻው ነገር ነው። እኛ የጽዋ ማኅበር ያለን፣ የነፍስ አባት ያለን፣ ያን ሁሉ ከእነርሱ በፊት የያዝን ሰዎች ደግሞ ልናፍርበት የሚገባ ነው።

ወደ ራሳችን ቀን እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋረጠ። መንገድ ተዘጋ፣ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ተኩስ በየአቅጣጫው ተሰማ። ያ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ አምስቱም ሰባኪዎቹ በአንድ ቀን ጠፉበት። ሰው ሲሞትበት፣ ፍርሃት ሲይዘው፣ ጓደኛው ና ወደዚህ እንሂድ ሲለው የሚሄድበት በር አልነበረውም። ከእርሱ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ሌላ ወጣት፣ ድቁና የተቀበለ፣ የየኔታን እንጨት የሚፈልጥ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ያን ሰሞን ሁሉ ማታ ማታ ጎጆአቸው ሄዶ ይቀመጥ ነበር። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። ሁለቱ ልጆች በአንድ መንደር ያደጉ ናቸው፤ አንደኛው ሰሚ፣ ሁለተኛው ደቀ መዝሙር።

ስብከት ይቅር አላልኩም። ጉባኤ ይደረግ፣ በውጭ አገር ያለው ወገናችን በስልክም ቢሆን ይስማ። የሚሰማው ሰው ግን ሲጨርስ የሚሄድበት ቤት ይኑረው። ካህናቱ ሊያውቋቸው የማይችሉትን መቶ ቤት ከሚይዙ የሚያውቋቸውን ሃያ ይያዙ። የጽዋው ሙሴ ጽዋውን ማቆም ይመልስ። ሰበካውም ለሕንፃ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያውን ብር ለመምህሩ ጎጆ ያውጣ። ገንዘቡ የለም የሚለኝ ሰው ከጉባኤው ድንኳን ኪራይና ከሰባኪዎቹ አበል ይጀምር።

ባለፈው ጥቅምት ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት ንባብ ቤት ሄጄ ነበር። ጎጆዋ ጭስ ያጠቆራት፣ በሯ ዝቅ ያለች ናት። አራት ልጆች መደብ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ነበር። ከአራቱ አንዱ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መልእክተ ዮሐንስ ይዟል፤ ጣቱ በመስመሩ ላይ እየሄደ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዲት ቃል ላይ ድምፁን ባልተገባው ቦታ አነሣ። ሽማግሌው ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ «ተመለስ» አሉ። ልጁ ጣቱን ወደ ላይ መለሰና ከራሱ ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከናፍሬ አብሮት ይንቀሳቀስ ጀመር።